ባለ ጎማዋ ጎጆ

ጋዲሴ ባጫ መስመር ስትስል እጇ አይንቀጠቀጥም። አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ አራት ዓመት ሙሉ እንጀራዋ ይኸው ነው፤ የእጅጌን ጉብጠት፣ የአንገትን ዙር፣ የወገብን ስርጉድ በቡናማ ወረቀት ላይ ትነድፋለች። እሷ የነደፈችውን ሌሎች በሺህ ይቆርጡታል፣ በሺህ ይሰፉታል። የቡልቡላ ገበሬ ልጅ ናት፤ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ትኖራለች። ልቧ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ግን እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

ያን ማክሰኞ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መምህር ሃያ ተማሪዎች አስከትሎ ፋብሪካውን ሊያስጎበኝ መጣ። ረዘም ያለ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ጣቶቹ ላይ ግን የቀለም ጠብታ የደረቀበት ወጣት ነው። ተማሪዎቹ ወደ ስፌት ክፍል ሲያልፉ እሱ ከጠረጴዛዋ ፊት ተተክሎ ቀረ።

«ይቅርታ እህቴ፤ ይሄ መስመር እንዴት ነው የማይሰበረው?»

«የትኛው?»

«ይሄ፣ ክብ እያለ የሚሄደው። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ መስመር ልስል ስታገል አንዴ ግመል፣ አንዴ የተቀመጠች ዶሮ ይወጣልኛል።»

ጋዲሴ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። «ምን ሊሠሩ ነው?»

«ቤት።»

«ክብ ቤት?»

«ጎማ ያላት ቤት። መኪና የምትጎትታት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምታስተኛ። ከጎን ስትታይ የእንባ ጠብታ የምትመስል።»

«ቤት ሠርቶ በእንባ መመሰል ደግ ነው?»

መምህሩ ትንሽ አሰበና ዓይኑን ከዓይኗ ሳያነሳ፣ «የደስታም እንባ አለ እኮ» አላት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጋዲሴ የአንድ ሸሚዝ አንገት ሁለት ጊዜ አበላሸች። በአራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

*

ስሙ አዶኒያስ ነው። ያደገው ፍራንኮ ሰፈር፣ አጥሩን ቡገንቪላ ባለበሰው ግቢ ውስጥ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ያረፉት አባቱ ፋርማሲስት ነበሩ፤ እናቱ ወይዘሮ የሺዓለም የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ የቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ኅብረት መሪ፣ ከተማው «እትዬ» ብሎ ከመቀመጫው የሚነሳላቸው ሴት ናቸው። አባቱ ለልጃቸው የተዉለት አንዲት ሰማያዊና የወተት መልክ ያላት አሮጌ ቮልስና አንድ ሳጥን የቆዩ መጽሔቶች ነው። ከመጽሔቶቹ በአንዱ ውስጥ ከሰባ ሰማንያ ዓመት በፊት የተነሳ ፎቶ አለ። ባልና ሚስት ሐይቅ ዳር ቆመዋል፤ ከኋላቸው ያቺ ጠብታ የመሰለች ተጎታች፣ የኋላ ክዳኗ ተነስቶ ውስጧ ማዕድ ቤት ሆኖ ይታያል። አዶኒያስ ያንን ፎቶ እያየ ነው ያደገው። ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ለቮልሷ እህት ሊሠራላት ቆረጠ።

በሚቀጥለው እሑድ ጋዲሴ አንድ ጥቅል ቡናማ ወረቀት ተሸክማ ወደዚያ ግቢ ገባች። ወረቀቱን በረንዳው ላይ ዘረጉት። የአዳማ ነፋስ ግን ለማን ብሎ! አንዱን ጫፍ ሲይዙት ሌላው ይነሳል። አዶኒያስ ጡብ አመጣ፤ አልበቃም። በመጨረሻ ራሱ በጉልበቱ ተንበርክኮ ወረቀቱ ላይ ተቀመጠ። ጋዲሴ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀጭን የኤሌክትሪክ ቱቦ አጎበጠችና አንዱን ጫፍ አስያዘችው።

«እንዳይለቁት» አለችው። «ከለቀቁት ይሰበራል።»

«አልለቅም።»

ቱቦውን ተከትላ መስመሯን ጀመረች። መስመሯ ከፊት ከፍ አለች፣ አናቷ ላይ ጥቂት ደልደል አለች፣ ከዚያ ወደ ኋላ ቀስ እያለች፣ ሳትቸኩል፣ እንደ ደከመች ወፍ ወረደች። እርሳሷ የመጨረሻውን ስንዝር ስትጨርስ ያረፈችው የአዶኒያስ አውራ ጣት አጠገብ ነበር። ሁለቱም ቀና አሉ። ወረቀቱ ላይ በሙሉ መጠኗ ያቺ የፎቶዋ ተጎታች ተኝታለች።

«ይቺ ናት!» ብሎ ጮኸ አዶኒያስ። «ጋዲሴ፣ ራሷ ናት እኮ! እንዴት ብለሽ…» ከተንበረከከበት ብድግ ሲል ነፋሱ ወረቀቱን አንስቶ ሁለቱንም ጠቀለላቸው። እየሳቁ ከውስጡ ለመውጣት ሲታገሉ ግንባራቸው ተጋጨ።

«ሐይቁን ሁሉ የምናውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው» አላት ትንፋሹ ሲመለስ። «ሰው ልጆቹን ይዞ ላንጋኖ ማደር ሲያምረው ወይ የሎጅ ዋጋ ያባርረዋል፣ ወይ ድንኳኑን ነፋስ ይነቅልበታል። ይቺን እንጨርሳት፤ ከዚያ አሥር እንሠራለን፣ ሃያ እንሠራለን!»

«እንሠራለን?»

«እንደሱ አልኩ እንዴ?»

«ብለሃል» አለችው። «አንተ» እንዳለችው ራሷም የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ፊቷ እሳት ሆነ፤ ግን ቃሏን መልሳ «እርስዎ» ማለት አልፈለገችም።

*

ስድስት ወር ሠሩ። አዶኒያስ ከካሬ ብረት ሻንሲውን በየደ፤ ከአሮጌ መኪና የወለቀ ባሌስትራና ሁለት ጎማ ገጠመለት። ጋዲሴ በነደፈችው ወረቀት ልክ ሁለቱን የጎን ግድግዳዎች ከኮምፖልሳቶ ቆረጡ። ክቧ መስኮት ከተጣለ የልብስ ማጠቢያ ማሽን በር ተገኘች፤ ቁራሌው ራሱ መስታወቷን ሲያያት «ይቺ ምን ልትሆናችሁ ነው?» ብሎ ተገርሞ ነበር። ጣራው ላይ ግን ተቸገሩ። የአሉሚኒየሙ ላሜራ ጉብጠቱን አልከተል ብሎ ይቆረፍዳል። አዶኒያስ መዶሻውን ወርውሮ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ጋዲሴ ላሜራውን በመዳፏ ዳሰሰችው። «እንደ ቀሚስ አስበው» አለችው። «በአንድ ወጥ ጨርቅ ዳሌ አይሸፈንም። ሦስት ቦታ ቁረጠውና አደራርበህ ስፋው።»

«ብረት ይሰፋል እንዴ?»

«ክርህ ቪቴ ነው። ምን ልዩነት አለው?»

ቆረጡት፤ አደራርበው ቪቴ እያሽከረከሩ አጠበቁት። ላሜራው እንደ ተገራ በቅሎ ለጥ ብሎ ተኛ። አዶኒያስ በደስታ ባዶውን የቀለም ጣሳ እየደበደበ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረ።

ቅዳሜ ከሰዓት እሷ ስትመጣ እሱ የቅዳሜ ተማሪዎች ያስተምራል፤ እሑድ ብቻ ነው የሚገናኙት። ስለዚህ በእርሳስ ይጻጻፉ ጀመር፤ ተጎታቿ ውስጥ፣ የቁም ሳጥኗ በር ሲከፈት በሚታየው ግድግዳ ላይ፣ ከየመልእክቱ ጎን ቀን እየጻፉ። «ጋዲሴ፣ የበሩ ከፍታ ይበቃሻል?» ይላል እሱ። «እኔን ይበቃኛል። አንተ ግን ራስህን ትመታለህ፤ ሁለት ጣት ጨምር» ትላለች እሷ። «ዛሬ ካየሁሽ ሦስት ቀን» ይላል። ከሥሩ፦ «እንጨት ላይ አይዋሽም። አራት ቀን ነው።»

እወድሻለሁ ግን አላላትም። ቡልቡላ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ልጁን ሊድርባት አባቷን እየጠየቀ እንደሆነ አንድ ቀን እንደ ቀልድ ስትነግረው፣ አዶኒያስ መላጊያውን ይዞ ፍቅፋቂው ጫማውን እስኪሸፍነው ድረስ እንጨት ላገ እንጂ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። ጋዲሴ የፍራሹን ልብስ ሰፍታ ይዛ ስትገባ ሳሎኑ በእንግዶች ሞልቷል፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ከባለቤታቸውና ሐኪም ከሆነች ልጃቸው ጋር። ወይዘሮ የሺዓለም ከወንበራቸው ሳይነሱ ጠሯት።

«ነይ ልጄ፣ አንቺ ሰፊዋ አይደለሽ? እስቲ የመጋረጃዬን ጠርዝ እይልኝ፤ ተተርትሯል።»

«ማን ናት?» አሉ የሽማግሌው ባለቤት።

«ለአዶኒያስ ዕቃ የምትሰፋለት ልጅ ናት።»

ጋዲሴ አዶኒያስን አየችው። አንድ ቃል ነበር የጠበቀችው። አዶኒያስ የያዘውን ብርጭቆ አየ፤ ምንጣፉን አየ፤ ዝም አለ። እሷም ተንበርክካ የመጋረጃውን ጠርዝ ሰፋች። ያን ዕለት መርፌው ጣቷን ሳይሆን ሌላ ቦታ ነው የወጋት።

*

ቢሆንም በየሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ልብ አንዴ ከሄደ እግርን ማን ያስቀረዋል? ሐዋሳ ያለ ሌላ ፋብሪካ የንድፍ ክፍል ኃላፊ አድርጎ ሊቀጥራት ጠይቋት ነበር፤ እምቢ ልትል ወስናለች። ከዚያ እሑድ ሦስት ሳምንት አልፎ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ትናንሽ መጋረጃዎቹን በፌስታል ይዛ፣ ይህንኑ በእርሳስ ልትጽፍለት ወደ ፍራንኮ ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የወይዘሮ የሺዓለም ድምፅ ተሰማት።

«የሰው መሳቂያ አደረገችህ እኮ! እኔ ሳያት ዓይኔን ያመኛል።»

ቀጥሎ ያልጠበቀችው፣ ያን ሰዓት ክፍል ውስጥ መሆን የነበረበት የአዶኒያስ ድምፅ መጣ፤ ደክሞታል፣ ተበሳጭቷል።

«በቃ እማዬ! ከሚቀጥለው ሳምንት በኋላ እዚህ ግቢ አታዪያትም። ስድስት ወር አደከመችኝ፤ እኔም በቃኝ። የሚፈልጋት ሰው አለ፤ ይውሰዳት።»

የሚፈልጋት ሰው አለ። ይውሰዳት። ጋዲሴ የብረቱን በር ይዛ ቆመች። ፀሐይ ያጋለው ብረት መዳፏን ሲያቃጥላት እንኳ አልለቀቀችውም።

እሑድ ጠዋት፣ እነሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቃ፣ ፌስታሉን በሩ ላይ አንጠልጥላ ይህችን ደብዳቤ ከሥሩ ሰደደች።

«አዶኒያስ፦
ለእናትህ ስትነግራቸው ሰምቼሃለሁ። አትጨነቅ፤ ማንም እንዲወስደኝ አልጠብቅም፣ ራሴ እሄዳለሁ። ስድስት ወር ካደከምኩህ ይቅርታ። እኔን ግን አላደከምከኝም። እያንዳንዱን ቅዳሜ ስሮጥ ነበር የመጣሁት። መጋረጃዎቹን ፌስታሉ ውስጥ ታገኛቸዋለህ፤ አንዱ ጠርዙ አልተጨረሰም።
ጋዲሴ»

ስልኳን ዘጋች። ለክፍል ጓደኛዋ ለፎዚያ፣ «ከጠየቀ ሐዋሳ ሥራ ይዛለች፣ ማንንም ማየት አልፈልግም ብላለች በይው» ብላት፣ ልብሷን በአንድ ሻንጣ ከታ በሚኒባስ ወደ ቡልቡላ ተሳፈረች። መቂ እስክትደርስ አላለቀሰችም። ከመቂ በኋላ ግን አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ሳይጠይቋት ነጠላቸውን አቀበሏት።

*

በሚቀጥለው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጋዲሴ ከእናቷ ከወይዘሮ ዘርፉ ጋር አስፋልት ዳር ቲማቲም ትደረድራለች። ሰኞ ሐዋሳ ትገባለች። ሳምንቱን ሙሉ አባቷ አቶ ባጫ ምንም ሳይጠይቋት ከማሳ ሲመለሱ የበሰለውን ሐብሐብ እየመረጡ ያመጡላት ነበር፤ የእሳቸው ማባበያ ይኸው ነው።

ከአዳሚ ቱሉ በኩል የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። የቀጠነ፣ የድሮ ጡሩምባ። ቀጥሎም የሰው ጫጫታ። ሻጮቹ ከየመደባቸው ብድግ ብድግ አሉ።

«ምንድን ናት?» አለ አንዱ።

«አምቡላንስ ናት።»

«ምን አምቡላንስ ነው፣ እንቁላል ናት!» አለች አንዲት ባለ ሽንኩርት፣ ሰፈሩም ሳቀ።

ጋዲሴ ቀና አለች። አስፋልቱ ላይ፣ ከሙቀቱ ጭልጭልታ ውስጥ፣ ሰማያዊና የወተት መልክ ያላት ቮልስ እያዘገመች ትመጣለች። ከኋላዋ አንዲት ተጎታች፤ ከፊት ከፍ ያለች፣ አናቷ ላይ ደልደል ያለች፣ ወደ ኋላ ሳትቸኩል የምትወርድ፣ ሰማያዊና የወተት ቀለም የተቀባች፣ ክብ መስኮቷ በፀሐይ የሚያብረቀርቅ። በረንዳ ላይ ተንበርክካ የሳለቻት መስመር በሁለት ጎማ እየተንከባለለች፣ ሁለት መቶ ሰው እያስጨበጨበች መጣችባት። የያዘችው ቲማቲም ከእጇ ወድቆ ፈረጠ። ተናዳለች፣ ተጎድታለች፤ ቢሆንም ልቧ ከሁሉ ቀድሞ «ቆማ ሄደች! ትሄዳለች እኮ!» እያለ በደረቷ ውስጥ ይዘል ነበር።

ቮልሷ መደቧ ፊት ቆመች። ፎዚያ ምስጢሯን አልጠበቀችላትም ማለት ነው። አዶኒያስ ወረደ፤ ጺሙ አድጓል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። በሌላው በር ደግሞ፣ ጋዲሴ ዓይኗን ማመን ያቃታት፣ ወይዘሮ የሺዓለም ነጭ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወረዱ።

«ጋዲሴ» አለ አዶኒያስ። «ተጎታቿን ነው! ያን ቀን ያልኩት ስለ ተጎታቿ ነው። የኋላ ክዳኗ አልገጥም ብሎኝ፣ ከክፍል ቀርቼ ስታገል ውዬ፣ እማዬ ደግሞ ግቢው ተዘጋ እያለች… ላንጋኖ ካምፕ ያለው አንድ ሰው ጠይቆኝ ነበር፤ እሱ ወስዶ ያከራያት ማለቴ ነበር። አንቺን? አንቺን ይውሰዳት የምል ይመስልሻል?»

ጋዲሴ እጇን በልብሷ ጠረገች።

«ጆሮዬ ተሳስቶ ይሆናል» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ግን አንድም ፊደል አልተሰበረም። «በዝምታህ ግን አልተሳሳትኩም። ማን ናት ሲሉህ ብርጭቆህን ያየኸው አንተ ነህ። እንጨት ላይ ብዙ ቃል አለህ፣ አዶኒያስ። ሰው ፊት አንድም የለህም።»

አዶኒያስ ዞር አለ፤ ወደ ሻጮቹ፣ ወደ ሹፌሮቹ፣ ወደተሰበሰበው ሰፈር ሁሉ።

«ወንድሞቼ፣ እህቶቼ» አለ፤ «ይቺን የምታዩአትን የነደፈቻት ጋዲሴ ባጫ ናት። መስመሯ የእሷ ነው። ጣራዋ እንዴት እንደሚቆረጥ ያስተማረችኝ እሷ ናት። እኔ ምስማር ነው የመታሁት! ሰፊ ናት ሲሏት ዝም አልኩ፤ ያን ዝምታዬን እስክሞት አፍርበታለሁ። እወዳታለሁ። ስድስት ወር እንጨት ላይ ስጽፍ ከርሜ ይቺን አንዲት ቃል ፈርቼ ዘለልኳት። አሁን ሰምታችኋል፤ ቡልቡላ ሁሉ ይመስክር!»

የሰፈሩ ሰው እልል አለ። የጋዲሴ ዓይን ግን ወደ ወይዘሮ የሺዓለም ሄደ። እሳቸውም ቀርበው፣ ቦርሳቸውን ከፍተው፣ የተጨማደደች ወረቀት አወጡ። የራሷ ደብዳቤ ናት።

«ይህ እኔ እጅ ነው የገባው፣ ልጄ» አሉ። «ከበሩ ሥር አንስቼ አነበብኩት። የሰው ደብዳቤ። ያን ቀን ስለ ምን እንደተነጋገርን የማውቅ እኔ ነኝ፤ አንድ ቃል ብናገር ይቃና ነበር። አልተናገርኩም። እሱ ትታኝ ሄደች ብሎ እህል ሲያስጠላው እያየሁ፣ አምስት ቀን ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ስጸልይ እንኳ ከጎኔ ነበር። እግዚአብሔር አላናገረኝም።»

«እትዬ…» አለች ጋዲሴ።

«ቆዪ፣ ልጨርሰው፤ ከቆምኩ ደግሜ አልጀምረውም። ትናንት ዓርብ፣ ይቺ ተጎታች ምን ብታደርግበት ነው ብዬ ገባሁባት። መጀመሪያዬ ነው። የቁም ሳጥኑን በር ስከፍት ጽሑፋችሁን አገኘሁ። ቆሜ ሁሉንም አነበብኩ። አንዱ ላይ የአንቺ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ ‹በሩ ሥር ዝቅ ያለ መርገጫ ይግባ። እናትህ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ደረጃ ሲወጡ አይቻለሁ።› ቀኑን አየሁት። በእንግዳ ፊት ሰፊ ብዬ ያንበረከክሁሽ እሑድ ካለፈ ስድስተኛው ቀን ነው።» መርገጫውን በእጃቸው አሳዩዋት። «እኔም ትናንት የገባሁት በዚያው መርገጫ ነው፣ ልጄ። ጉልበቴን ሳያመኝ።»

ከዚህ በኋላ ጋዲሴ አልቻለችም። ወይዘሮ የሺዓለም ወደ እሷ ጎንበስ ሲሉ ቀድማ ጎንበስ አለች፤ ሁለቱ ሴቶች በቲማቲሙ መደብ ላይ ተቃቅፈው ሲንሰቀሰቁ፣ ያቺ ባለ ሽንኩርት «እንቁላሏ ጉድ አፈላች!» ብላ እሷም ዓይኗን ጠረገች።

አቶ ባጫ ጫጫታውን ሰምተው ከማሳ መጥተው ነበር። ዱላቸውን ይዘው ተጎታቿን ዞሯት። ጎኗን በጣታቸው መቱት፤ ጎማዋን ረገጡት፤ የኋላ ክዳኗን አስነስተው ማዕድ ቤቷን አዩ።

«ዝናብ ታስገባለች?» አሉ በመጨረሻ።

አዶኒያስ ጥቂት አመነታ። «በአንድ ጥግ ታንጠባጥባለች፣ አባቴ። ገና አልጨረስኩትም።»

አቶ ባጫ ወደ ሚስታቸው ዞረው፣ «አይዋሽም» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «የሰው ልጅ አስፋልት ዳር አትጠየቅም። ሽማግሌ ላኩ፤ በወጉ፣ ቤቴ ድረስ። ለሽንኩርት ነጋዴው ገና መልስ አልሰጠሁም፤ ልጄ መልሷን ለእኔ ካልነገረችኝ ለማንም አልሰጥም። እስከዚያ ግን እንግዶቼ ናችሁ። ግቡ፣ ምሳ ደርሷል።»

*

ከምሳ በኋላ ተጎታቿ አቶ ባጫ ግቢ፣ ግራሩ ሥር ቆመች። ወይዘሮ የሺዓለምና ወይዘሮ ዘርፉ የኋላ ማዕድ ቤቷን ከፍተው፣ አንዷ በአማርኛ አንዷ በኦሮምኛ፣ መደርደሪያው ጠበበ ሰፋ ይከራከራሉ። ጋዲሴ ብቻዋን ገብታ ፍራሹ ላይ ተጋደመች። የማታውቀው ጥግ አልነበረባትም፤ ግን ተጨርሳ፣ ቀለም ተቀብታ፣ መጋረጃዎቿ ተሰቅለው አይታት አታውቅም። አንደኛው መጋረጃ ጠርዙ በወፍራም፣ በተንጋደደ የወንድ እጅ ስፌት ተጨርሷል። ስታየው ብቻዋን ሳቀች።

አዶኒያስ ጀርባውን ለተከፈተው በር ሰጥቶ ውጭ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ሰኞ ሐዋሳ እገባለሁ» አለችው ከውስጥ። «ቃል ሰጥቻለሁ። የንድፍ ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ይህን ለማንም ብዬ አልተወውም።»

«እንዳትተዪው!» አለ ፊቱን ሳያዞር። «እኔም እኮ ተገትሮ የሚጠብቅ ቤት አልሠራሁም። ሐዋሳ ብትሆኚ ሐዋሳ ይመጣል። ዝዋይ ብትሆኚ ዝዋይ። ቅዳሜ ቅዳሜ አሁን የምሮጠው እኔ ነኝ።»

ከአብያታ ሐይቅ በኩል የሚመጣው ነፋስ መጋረጃዎቹን ያወዛውዛል። ደረቷ ውስጥ የሚዘለው ነገር አሁን የሚወጣበት በር የሚፈልግ ይመስል ነበር።

«ጋዲሴ» አለ አዶኒያስ፤ ድምፁ ተለወጠ። «ሽማግሌዎቹን እልካለሁ፤ ለአባትሽ የሚነገረውን እነሱ ይናገሩ። ለእኔ ግን አንድ ነገር ራስሽ ንገሪኝ። ብዙ አይደለም። ትወጂኛለሽ?»

በአማርኛ ልትመልስለት አፏን ከፈተች። ከኋላ፣ ከማዕድ ቤቷ በኩል፣ ሁለቱ እናቶች ክርክራቸውን አቁመው ጆሯቸውን እንደጣሉ ገባት። አባቷም ከግራሩ ማዶ የከብቱን ገመድ ሲያስሩ እጃቸውን አቁመዋል። ያኔ ጋዲሴ ተነስታ ተቀመጠች፤ በክቧ መስኮት ጭንቅላቷን አወጣችና፣ አፏን በፈታችበት በኦሮምኛ፣ እናቷም አባቷም ጎረቤቱም በደንብ እንዲሰማ አድርጋ፣ ሙሉ ድምፅዋን ሰጥታ፣

«ኤዬ!» አለች።

ከኋላ የወይዘሮ ዘርፉ እልልታ ቀለጠ። «አዎ» ማለት እንደሆነ ማንም ያልነገራቸው ወይዘሮ የሺዓለምም፣ ትርጉሙ ጠፍቷቸው አያውቅም ይመስል፣ ከእሷ እኩል እልል አሉ። አዶኒያስ ከተቀመጠበት ተስፈንጥሮ ተነሳ፤ ሊገባ ሲል የበሩን ጉበን ሳያይ ራሱን ገጭ አደረገ፤ ግንባሩን ይዞ እየሳቀ፣ እንባው እየወረደ፣ ከመስኮቷ ፊት ቆመና የተዘረጋችለትን እጅ በሁለት እጁ ያዛት። ጋዲሴም ጣቶቿን እስኪያማት ድረስ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።